ሃያ ስድስት እርምጃ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን ማለዳ፣ ከጉብሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የጉራጌ መንደር ጀፎረ ላይ ሁለት ሰዎች የገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ቆመው ነበር። ጀፎረው ግራና ቀኙን ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ የተሰለፈበት፣ ሣሩ በከብት የተጋጠ ሰፊ መንገድ ነው፤ ሙሽራ በእርሱ ይገባል፤ አስከሬን በእርሱ ይወጣል፤ ሸንጎ በእርሱ ላይ ይቀመጣል፤ የማንም ስላልሆነም አጥሩን አንድ ክንድ እንኳ ወደ ውስጥ የገፋበት ሰው በአገር ፊት ይቀጣል።

ከሁለቱ አንደኛው የጀፎረው ዳኛ ሸምሶ ነበር። ዕድሜው ስልሳ አንድ፤ ንግግሩ ጥቂት፤ በወሰን ጉዳይ ወንድሙን የማያውቅ ሰው ነው ይሉታል። ሁለተኛው መምህር ፈቃደ፣ የቡታጅራ ልጅ፣ በጉብሬ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር፣ በወጣትነቱ ስምንት መቶ ሜትር ሲሮጥ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነበር። ገመዱ ሃምሳ ሜትር ነው፤ አሥር ጊዜ ተዘረጋ። አሥረኛው ጫፍ ከጉብታው ማዶ ከሸምሶ አጥር አጠገብ ሲያርፍ፣ ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ጥቁር ድንጋይ አንከባልለው አስቀመጡበት፤ ፈቃደም በኖራ ቀባው። ከመነሻው ተነስቶ ድንጋዩን ዞሮ የተመለሰ ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጠ ማለት ነው።

ሸምሶ ለማየት የተሰበሰበውን ጎረቤት ዞሮ ተመለከተና፣ «ይህ ድንጋይ ከዛሬ ጀምሮ የወሰን ድንጋይ ነው» አለ። «ሰውም ይሁን ከብት ነቅንቆት ባገኝ በዚሁ ሸንጎ አስቀጣለሁ።»

«ከብት ከነቀነቀው የሚቀጣው በሬው ነው ባለቤቱ?» አለ ናጃህ የተባለ ጎረቤቱ፤ ሰዉም ሳቀ። ናጃህ ባለፈው ዓመት አጥሩን ሁለት ክንድ ገፍቶ ሸምሶ በግ አስቀጥቶታል፤ በጉ ታርዶ ሸንጎው በልቶታል፤ ናጃህ ግን ገና አልዋጠውም ነበር።

«አንተ እንዳትነካው እንጂ በሬህን እኔ እመክረዋለሁ» አለ ሸምሶ።

የዚያን ዓመት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ወሰን ነበር። ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን፣ ወይስ ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክላስተር ይጠቃለል የሚለው ክርክር ከወልቂጤ ሆቴሎች እስከ ለቅሶ ቤት ድረስ ወርዶ ነበር። ድንጋዩ ግን የተተከለው ለክልልም ለዞንም አልነበረም፤ ለሸምሶ ልጅ ለዘይባ ነበር።

ዘይባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትሮጠው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነበር፤ በየዓመቱ በጥቅምት በአዲስ አበባ የአንድ ክለብ የምልመላ ውድድር ይደረጋል፤ ለዚህ ርቀት የሚወሰደው አንድ ሰው ነው፤ ያውም ከአራት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሰከንድ በታች ከገባ። ክለቡ ሃያ ዓመት ያለፈውን አይቀበልም። ስለዚህ ለዘይባ የነበረው በር አንድ፣ ጊዜውም አንድ ጥቅምት ነበር።

ስለ ሴት ሯጭ የሚጽፉ ሰዎች ብዕራቸውን ሲያነሱ «ከተፈጥሮ የተቸራት» ብለው ይጀምራሉ፤ ይህ የስንፍና ቃል ነው፤ የሠራችውን ሥራ ከእጇ ቀምቶ ለአየሩና ለተራራው የሚሰጥ ቃል ነው። ዘይባ ማክሰኞ ማክሰኞ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ሦስት ደቂቃ እረፍት አምስት ጊዜ ትሮጣለች፤ ሐሙስ ዳገት አሥራ ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳታቋርጥ ትሮጣለች፤ በቀሩት ቀናት ሶምሶማ፤ እሑድ እረፍት። ይህን ሁሉ የምታደርገው እናቷ መሕቡባ በሰፋችላት ሰፊ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር ቋጥራ ነው። ፈቃደ መነሻው ላይ ሰዓቱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይቆማል፤ የገባችበትን ደቂቃና ሰከንድም በደብተሩ ያሰፍራል። «ሰውነት ያታልላል፣ ስሜት ያታልላል» ይል ነበር፤ «ድንጋይና ሰዓት ግን አያታልሉም።»

ሸምሶ መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር፤ ኋላ ዝም አለ፤ ሰዉም ዝምታውን ቁጣ አድርጎ ተረጎመው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአጥሩ ውስጥ በእንሰቱ መሐል ቁጭ ብሎ ልጁ ድንጋዩን ስትዞር እንደሚያያት፣ መሕቡባም ብትሆን አታውቅም ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ዘይባ አምስተኛውን ጨርሳ፣ ፈቃደም በባጃጅ ወደ ጉብሬ ተመልሶ፣ እርሷ ሰውነቷን እያቀዘቀዘች ወደ ቤቷ ስትመጣ ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች፤ ቢጫ ውኃ አስመለሳት፤ ከዚያ ሌላ የሚወጣ አልነበራትም። አፏን በሣር ጠረገች።

«ዘይባ» አለ ሸምሶ ከአጥሩ ወጥቶ።

ደነገጠች። «አባ፣ እዚህ ነበርክ እንዴ?»

«ታመሻል?»

«አልታመምኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲህ ነኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«አባ፣ ለመምህር እንዳትነግረው። ከሰማ ይቀንስብኛል፤ ከቀነሰብኝ ለጥቅምት አልደርስም።» እጁን ያዘችው። «ወላሂ በል።»

ሸምሶ ማለ። የማለ ሰው ደግሞ አፉን እንጂ እጁን አላሰረም።

በማግስቱ ሱብሒን ሰግዶ ወጣ። ጀፎረው ላይ ጤዛው ገና አልተነሳም፤ ሰው አልነበረም። ድንጋዩን በዶማ እጀታ ፈነቀለው፤ ወደ መነሻው አቅጣጫ ስምንት እርምጃ አንከባልሎ አስቀመጠው፤ ድንጋዩ የነበረበት ሣር ነጥቶ ነበርና እበት ነሰነሰበት። ዳኝነቱ በልቡ ውስጥ አልተኛም፤ «ወሰን ገፋህ» አለው። እርሱ ግን መልስ ነበረው፤ ይህ የማንም መሬት ወሰን አይደለም፤ የልጄ ስቃይ ወሰን ነው፤ እርሱን ስምንት እርምጃ ባሳጥር ማን ተበደለ?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዘይባ ከወትሮዋ በሦስት ሰከንድ ቀድማ ገባች። ፈቃደ ሰዓቱን ሁለቴ አየው፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። በሣምንቱም እንዲሁ ሆነ፤ ስለዚህ አምስት የነበረውን ስድስት አደረገው። ዘይባም ድንጋዩ አጠገብ ደግማ ተንበረከከች። ሸምሶ በሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ ስምንት እርምጃ ገፋ። ሰዓቷ ወረደ፤ ፈቃደ እረፍቷን ከሦስት ደቂቃ ወደ ሁለት ቀነሰ። በሐምሌ መጨረሻ ሸምሶ አሥር እርምጃ ጨመረ። ሰዓቷ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ ሆነ፤ ፈቃደ ስድስቱን ሰባት አደረገው። ድንጋዩ ሃያ ስድስት እርምጃ ሄዶ ነበር፤ ጉብታው ስለሚጋርደው ከመነሻው አይታይም፤ ዘይባም ብትሆን ስትሮጥ ዓይኗ የሚያየው ኖራውን ነው፤ አጥሩን አልነበረም።

ፈቃደ በነሐሴ አጋማሽ ልጅቷን አዲስ አበባ ወስዶ በተለካ የሩጫ መም ላይ ሊፈትናት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ያ ፈተና ቢደረግ ይህ ታሪክ በዚያው ባበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር ወልቂጤ የክልል ጥያቄውን ይዞ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ሱቅ ተዘጋ፤ መኪና ቆመ፤ ጉብሬም አብሮ ዝም አለ። የሕዝቡ ጥያቄ የራሱ እውነት ነበረው፤ የከለከሉትም ሰዎች የራሳቸው ወረቀት ነበራቸው፤ በሁለቱ መሐል የአንዲት ልጅ ቀጠሮ አለፈ፤ ይህንንም ከሁለቱ ወገን የቆጠረው የለም።

በአድማው ሁለተኛ ቀን ፈቃደ ጭቃ እየረገጠ መንደሩ ደረሰ።

«ጋሽ ሸምሶ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። መኪና የለም ሲሉ ሰማሁ፤ በምን መጣህ፣ መምህር?»

«በእግሬ ነዋ። ሯጭ የማሠለጥን ሰው ባጃጅ አጣሁ ብዬ ባለቅስ ያምርብኛል?» ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ጫማውን በእንጨት ፋቀ። «የአዲስ አበባው ጉዞ ቀረ። ግን አልከፋኝም። መሬቱን የለካነው እርስዎና እኔ፤ ድንጋዩን የሚጠብቁት እርስዎ። ከዚህ የበለጠ መም ከየት ይመጣል?»

ሸምሶ ዓይኑን ወደ እንሰቱ መለሰ። «ሰዓቷ ሲወርድ ምን ታደርጋለህ?» አለ።

«እጨምርባታለሁ። ሰዓት ወረደ ማለት ሰውነቷ ሥራውን ለመደው ማለት ነው። ሰባት አድርሻታለሁ፤ እረፍቷንም ቀንሻለሁ።»

«ባይወርድ ኖሮስ?»

«አልነካትም ነበር፤ ጊዜ እሰጣት ነበር። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው» አለ ሸምሶ።

ፈቃደ ሄደ፤ ሸምሶ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ልጁን ለማሳረፍ ብሎ በገፋው እያንዳንዱ እርምጃ ሸክም ሲጭንባት መክረሙ ያኔ ገባው።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ከአስር ሰላት በኋላ ናጃህ በጎቹን እየነዳ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ።

«ዳኛው፣ ፍርድ ልጠይቅህ» አለ። «የእኔ አጥር ሁለት ክንድ ሲሄድ በግ ከፈለ። ድንጋይ በእግሩ ሲሄድ ምን ይከፍላል?»

«የምን ድንጋይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ በግ ጠባቂ ነኝ፤ የማየው ሣር ነው። የነጣ ሣር ሦስት ቦታ አየሁ። እበቱን ደግሞ ዝናብ አጠበው።»

ሸምሶ በጎቹ የቆሙበትን ሣር ተመለከተ።

«አትፍራ፣ አልናገርም» አለ ናጃህ። «ልጅቷን እወዳታለሁ። አንተን ግን አልወድህም፤ ይህን እወቅልኝ።» በጎቹንም ነድቶ ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሸምሶ ድንጋዩን ሃያ ስድስቱንም እርምጃ ወደ ቦታው መለሰው። እውነቱን ግን ወደ ቦታው አልመለሰም። መናገር ነበረበት፤ ምላሱ ግን ሌላውን በክንድ እየለካ የቀጣ ምላስ ነበር፤ ራሱን ለመክሰስ አልተፈታም። ሰው ሁሉ ስለ መሬት ወሰን ጮክ ብሎ በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ዳኛ ስለ አንድ ድንጋይ ሁለት ቃል መናገር ተሳነው።

ማክሰኞ ደረሰ። ዘይባ የመጀመሪያውን በሦስት ደቂቃ ገባች፤ ሁለተኛውን በሦስት ከሁለት፤ ሦስተኛውን በሦስት ከአምስት። ከአራተኛው በኋላ ፈቃደ ሰዓቱን ከአንገቱ አወለቀው። ሸምሶ ያን ቀን አብሮ መነሻው ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰማ።

«በሣምንት ስምንት ሰከንድ ወዴት ይሄዳል?» አለ ፈቃደ። «ሰነፍሽ?»

«አልሰነፍኩም፣ መምህር። በሙሉ አቅሜ ነው የሮጥኩት።»

«እንግዲያው ታመሻል።»

«ቅልጥሜን ትንሽ ያመኛል። ግን ሲሞቅ ይተወኛል።»

ፈቃደ ደብተሩን ዘጋው። «የሚመጣው ማክሰኞም እንዲህ ከሆነ ስምሽን ከምዝገባው አወጣዋለሁ። በዚህ ሰዓት ወስጄ አላዋርድሽም።»

ዘይባ አላለቀሰችም። ከአባቷ ጋር ወደ ቤት ሲሄዱ ብቻ፣ «አባ፣ ምናልባት እኔ ያለቀልኝ ነኝ» አለች። «ሃምሳ ሁለት የገባሁ ጊዜ ግን ታውቃለህ፣ ልክ ሌላ ሰው ተሸክሞኝ የሚሮጥ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ያ ሰው ጥሎኝ ሄደ።»

ሸምሶ በዚያች ደቂቃ ቢናገር ልጁ ምዝገባውን ታጣ ነበር፤ አጥንቷን ግን አታጣም ነበር። ይህን እርሱ ሊያውቅ አይችልም። የሚያየው ፊቷን ብቻ ነበር። በማግስቱ ድንጋዩን ደግሞ ሃያ ስድስት እርምጃ ገፋው።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ሁለት ከሃምሳ ሁለት ገባች፤ ፈቃደም ከዚያ በኋላ ምንም አልጠረጠረም።

በጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሸምሶ ከፈቃደ ጎን በአዲስ አበባ አንድ የልምምድ ሜዳ የተመልካች መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነበር። መም በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ቀዩን መሬት፣ በላዩ የተሰመሩትን ነጫጭ መስመሮች፣ በየማዞሪያው የተጻፉትን ቁጥሮች ተመለከተ። ይህን መስመር ማንም በዶማ እጀታ ሊፈነቅለው አይችልም። በሕይወቱ ሙሉ የፈለገው እንዲህ ያለ ወሰን ነበር፤ ዛሬ ግን ሲያየው ፈራው።

ሯጮቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ዘይባ ፈቃደ እንደነገራት ከመጀመሪያው ጀምሮ ከመሪዎቹ ጀርባ ገባች፤ ደብተሩ ይህን ፍጥነት ትችለዋለሽ ብሏታልና። የመጀመሪያውን ዙር በስልሳ ስምንት ሰከንድ አለፈች። ፈቃደ ራሱን ነቀነቀ፤ «ልክ ነች» አለ። ሁለተኛውም ስልሳ ስምንት ሆነ፤ ሸምሶ ግን የልጁን ትከሻ ነበር የሚያየው። ጀፎረው ላይ ትከሻዋ የሚነሳው በሰባተኛው ላይ ነው፤ እዚህ በሁለተኛው ዙር ተነስቷል።

«መምህር፣ አስቁማት» አለ።

«ምን?»

«አስቁማት። አትችለውም።»

«ጋሽ ሸምሶ፣ በዚህ ፍጥነት ሰባት ጊዜ ሮጣለች።»

«አልሮጠችም» አለ ሸምሶ።

ፈቃደ ዞሮ አየው፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አልነበረም። በሦስተኛው ዙር ሁለተኛ ማዞሪያ ላይ ዘይባ ሁለት ጊዜ አነከሰች። በሦስተኛው እርምጃ ግራ እግሯ አልቀበል አላት፤ በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነስታ አራት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ በመስመሩ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ አልፈዋት ሄዱ። ሻሿ ግን ከአገጯ ሥር እንደተቋጠረ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ አንጠልጥሎ አሳያቸው። የቅልጥሟ አጥንት ተሰንጥቋል፤ የዛሬ ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የቆየ ስንጥቅ ነበረ። «ይህ ከአቅም በላይ ልምምድ የሚያመጣው ነው» አለ። «ማን ነው ይህን ሁሉ ያሸከማት?»

«እኔ ነኝ» አለ ፈቃደ።

«አይደለም» አለ ሸምሶ። በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጦም ከሰኔ ጀምሮ ያደረገውን ሁሉ፣ ስምንቱን፣ ስምንቱን፣ አሥሩን እርምጃ፣ መመለሱንና ዳግም መግፋቱን አንድ በአንድ ነገረው። ፈቃደ ሲሰማ ደብተሩን በእጁ ይዞ ነበር። ሲያበቃ ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀ፤ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«ገመዱ ቤቴ ነበር» አለ። «አምስት ወር ሙሉ ገመዱ ቤቴ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ቀን መልሼ አልዘረጋሁትም። ዳኛው ይጠብቀዋል ብዬ።»

በኅዳር መጀመሪያ ሸምሶ በጀፎረው ላይ ሸንጎ አስጠራ፤ ራሱንም ከሰሰ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጥር ለገፋ፣ ዛፍ ለተከለ፣ ጉድጓድ ለቆፈረ ቅጣት አለ፤ ለልጁ ብሎ ድንጋይ ለገፋ ግን የተባለ ነገር የለም። በመጨረሻ ናጃህ ፍርዱን እንዲናገር ተጠየቀ፤ ሸምሶም ይህን ሽቶ ነበር።

ናጃህ ቆመ። በግ እንደሚጠይቅ ሁሉም ጠብቆ ነበር።

«አይቼ ዝም ብያለሁ» አለ። «ዳኛው ሲቀጣ እኔም አብሬ ልቀጣ ነው። ይህን የሚመዝን ሸንጎ ደግሞ የለንም።» ተቀመጠም። ሸምሶ በዚያ ቀን ዳኝነቱን አስረከበ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ወሰን ሲጠየቅ ወደ ሌላ ሰው ይመራ ነበር።

ዘይባ በክራንች ተደግፋ ከአጥሩ በር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን አልለቀቀችለትም።

«ስንት እርምጃ ነበር፣ አባ?»

«ሃያ ስድስት።»

«ስለዚህ ሃምሳ ሁለቱ ውሸት ነበር።»

«አዎ» አለ ሸምሶ።

«ሲያስመልሰኝ ያየኸው አንተ ብቻ ነበርክ» አለች። «አዝነህልኝ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያ ተሸክሞኝ የሚሮጠው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነበር።» ክራንቿን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ በኋላም ስለዚህ ነገር ከአባቷ ጋር ተነጋግረው አያውቁም።

አጥንቷ ጠገነ፤ ጥቅምት ግን አልፎ ነበር፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ደግሞ ሃያ አንድ ዓመቷ ሆነ። ዛሬ በጉብሬ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ ገበያ ስትሄድ በባጃጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወሰኖች ብዙ ተንቀሳቀሱ። ክልሉ ፈረሰና ሌላ ክልል ተሠራ፤ ዞኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ቡታጅራና ወልቂጤ የየራሳቸው ዞን መቀመጫ ሆኑ፤ ፈቃደም የትውልድ ከተማው ከሚያስተምርበት አገር በወረቀት ተለየበት። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተጽፏል፤ ተፈርሞበታል፤ ማኅተም አርፎበታል። የምልመላው ውድድር ውጤትም በአንድ ገጽ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ «ዘይባ ሸምሶ፤ አላጠናቀቀችም» ይላል።

ድንጋዩ ግን ዛሬ በትክክለኛው ቦታ ነው። ፈቃደ በገመድ ለክቶ የመለሰው፣ ሸምሶም ሌላኛውን ጫፍ የያዘለት፣ ዘይባ ገና በክራንች ሳለች ነበር። ኖራው ታጥቧል፤ የናጃህ በጎች ይታከኩበታል፤ የሚዞረው ሯጭ የለም። ከእርሱ ወደ መነሻው ሃያ ስድስት እርምጃ የሄደ ሰው ሣሩ ከሌላው ሣር ምንም ያልተለየበት ቦታ ይደርሳል፤ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ስለዚያ ቦታ የተጻፈ አንድ ቃል የለም።